ብርድ ልብስ የለበሰው ኮምፒውተር

«ቂጭ» አለ የኮምፒውተሩ ሳጥን።

ሰማይ ጠቀስ የሚሉት ሰው መስኮቱ ጋ ቆሞ የሻይ ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ እያስጠጋ ነበር፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሳጥኑ ደግሞ «ቂጭ፣ ቂጭ» አለና፣ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሽማግሌ፣ ወደ ወትሮው ማጉረምረሙ ተመለሰ። ድምፁ ጥፍር ሲቆረጥ ከሚሰማው አይበልጥም። ለሰማይ ጠቀስ ግን ጣሪያው ለሁለት ተሰንጥቆ ሰማይ ከነደመናው የገባ ያህል ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ብቻ እያዞረ፣ ወደ ጥጉ ተመለከተ።

ጥጉ ላይ አራሚው ተቀምጠዋል። አራሚው ዓይነ ስውር ናቸው፤ በነጥብ የተጻፉ ገጾችን በጣታቸው እየዳሰሱ ስህተት ያወጣሉ። ጆሯቸው፣ ሰማይ ጠቀስ በየሄደበት እንደሚያወራው ከሆነ፣ ጉንዳን ስታዛጋ ይሰማል። ያን ቀን ግን በዚህ ጉራው ተጸጸተ።

«ምን አለ?» አሉ አራሚው፣ ጣታቸውን ከገጹ ሳያነሡ።

«ማን?»

«ዕቃህ።»

«ወንበሬ ነው፣ ጋሼ።»

«አንተ መስኮቱ ጋ ነህ። የተንቋቋው በሩ ጋ ነው።»

«ወለሉ ነዋ። ይህ ሕንፃ እኮ ከጥፋት ውሃ በፊት የተሠራ ነው።»

አራሚው ወደ ገጹ ተመለሱ። ጣታቸው መስመሩን ተከትሎ ሄደ፤ ቆመ፤ ተመልሶ መጣ። ሰማይ ጠቀስ ሻዩን ሳይጠጣ አስቀመጠው።

ሰማይ ጠቀስ ያሉት ቁመቱን አይተው አይደለም፤ ቁመቱማ ከበሩ እጀታ እምብዛም አያልፍም። አፉን ሰምተው ነው። ካፊያ ከጣለ «ጎርፍ ነበር» ይላል፤ ጎርፍ ከሆነ ደግሞ ባሕሩ ራሱ መጥቶ በሩን አንኳክቷል። ክፉ ሰው ግን አይደለም። እውነት ራቁቷን ስትወጣ ብርድ ይመታታል ብሎ አዝኖ፣ አንድ ሁለት ልብስ የሚደርብላት ሰው ነው።

በአንድ ነገር ብቻ አላጋነነም። ከአራሚው ጋር የሚሠራው መዝገበ ቃላት በእርግጥም ትልቅ ነበር። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች፣ በብሬል፣ ሠላሳ ስምንት ጥራዝ። እሱ ይተይባል፤ ኮምፒውተሩ ፊደሉን ወደ ነጥብ ይለውጣል፤ ምድጃ የሚያህለው ማተሚያ ወፍራም ወረቀት ላይ እየጠቀጠቀ ያወጣዋል፤ አራሚው ይዳስሳሉ፤ እሱ ያስተካክላል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ታርሞ ያለቀው ወረቀት ለጎረቤቱ ለጫማ ሰፊው ይሰጣል። ጫማ ሰፊው የወረቀቱን ውፍረት ስለሚወደው በእግር ልክ እየቆረጠ የጫማ ውስጥ ንጣፍ ያደርገዋል። በዚያ መንገድ ላይ መዝገበ ቃላት ሳይረግጥ የሚሄድ ሰው የለም ብሎ የሚምለው እሱ ነው፤ ለዚህች እንኳ ልንፈርድበት አይገባም።

ስለዚህ የሦስት ዓመቱ ሥራ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በዚያ በሚያቃስተው ሳጥን ሆድ ውስጥ። ሌላ ቅጂ የለም። አንድ ጊዜ በፍላሽ ሊገለብጡት ሞክረው ዕቃው ግማሽ ቀን ደርቆ ቆመ፤ ሲነሣም ከአልጋ እንደተነሣ በሽተኛ እየተንገዳገደ ነው። ቴክኒሻኑ መጥቶ አየውና «ከእንግዲህ እንዳትነካኩት፤ አዲስ ስትገዙ እኔ ራሴ ሁሉንም ባንዴ አሻግረዋለሁ» አለ።

አዲስ ስትገዙ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህች ላይ ነው።

መግዛቱን ሊገዛ ነበር። ሻጩ ዘንድ ሄዶም ነበር። ሻጩ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ዴስክቶፕ በክርኑ ገፋ አድርጎ ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየው። «ይህን ገዝተህ ምን ልትሆን ነው? አዲሱ ሞዴል በወሩ መጨረሻ ይገባል። ያኔ ይህኛውን የምትሰጠው እንኳ አታገኝም።» ሰማይ ጠቀስ ወዲያው በሻጩ ደብተር ላይ ስሙን አንደኛ አድርጎ አስጻፈ። ከሱቁ ሲወጣ ከሰፈሩ አንደኛ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሲደርስ ከከተማው አንደኛ ሆነ። ቤቱ ሲገባ ለባለቤቱ «ፋብሪካው ራሱ በስሜ ነው የጠራኝ» አላት።

የወሩ መጨረሻ መጣ፤ ሞዴሉ አልመጣም። ሌላም ወር አለፈ። ፀጉር አስተካካዩ በየጠዋቱ መቀሱን እያፋጨ በር ላይ ይጠብቀዋል።

«ሰማይ ጠቀስ፣ መጣ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

እንዲህ የተሳቀበት ሰው ሄዶ አሮጌውን ሞዴል ይግዛ? ያን ገዝቶ ካርቶኑን ተሸክሞ በፀጉር ቤቱ ደጃፍ ይለፍ? ሞቱን ይመርጣል። ቢያንስ ሳጥኑ ቂጭ እስካለበት እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ሞቱን ይመርጥ ነበር።

ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ተንቋቋ። ረቡዕ ሰባት ጊዜ። ሐሙስ ከምሳ በፊት ብቻ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቆጠረ፤ ያኔ ነው ፍርሃቱ ቤት የሠራው። ሲተይብ ጣቱ ፊደሉን ይመታል፣ ጆሮው ግን እግሩ ሥር ካለው ሳጥን ጋር ነው። ዝም ሲል መቼ ይጮህ ይሆን እያለ ይጠብቃል፤ ሲጮህ ደግሞ ይህ የመጨረሻው ይሆን እያለ። ማጥፋት ፈራ፤ ከጠፋ ባይነሣስ? አብርቶ መተውም ፈራ። መጽሐፉ የሚሄድበት ትምህርት ቤት ሊከፈት አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ርእሰ መምህሯ ለመጽሐፉ አዲስ መደርደሪያ አሠርታ ጨርሳለች። እሱ ደግሞ፣ አፉን ይቁረጠውና፣ «መደርደሪያው በብረት ይጠናከር» ብሎ መክሯታል።

ከሁሉ የባሰው የአራሚው ጆሮ ነው። ሽማግሌው ከሰሙ ይጠይቃሉ፤ ከጠየቁ መልስ ይፈልጋሉ፤ መልሱ ደግሞ «በእኔ ጉራ ምክንያት ነው» የሚል ነው። ስለዚህ ሳጥኑ በተንቋቋ ቁጥር ሰማይ ጠቀስ ያስል ጀመር።

«አመመህ እንዴ?» አሉ አራሚው።

«ጉንፋን ነው፣ ጋሼ። አገር የሚጨርስ ጉንፋን።»

«የሚገርም ጉንፋን ነው። መጀመሪያ ቂጭ ይላል፣ ከዚያ ነው የሚያስለው።»

ሬዲዮ ከፈተ። አራሚው ይዘጋ አሉ፤ «ጣቴ ዜና ስትሰማ ስህተት ታልፋለች» ብለው። ለካ ሰው ስለቀለደ ምንም አልጠረጠረም ማለት አይደለም፤ ይህን ግን ያኔ አላሰበውም።

ዓርብ ጠዋት በብብቱ ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። የሁለት ጣዎስ ሥዕል ያለበት፣ ሱፍ፣ አንድ በግ ሙሉ የሚመዝን የባለቤቱ ብርድ ልብስ ነው። አራሚው ከመግባታቸው በፊት ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ ጠቀለለው፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከኋላ። ቦታው ስለጠበበ ጠረጴዛው ሥር የተከመረውን የመጨረሻዎቹን ሦስት ፊደላት፣ ታርሞ እንደገና የታተመ ንጹህ ወረቀት አንሥቶ ለጫማ ሰፊው ወስዶ ሰጠ። እርማቱ ወደ ኮምፒውተሩ ከገባ ቆይቷል፤ ወረቀቱ ምን ያደርጋል?

ተመልሶ ጆሮውን ጣዎሱ ላይ አስጠጋ። ምንም የለም። ጸጥ።

የሚገርመው፣ ድምፁ ሲታፈን ፍርሃቱም አብሮ ታፈነ። ቅዳሜ የፊተኞቹን ፊደላት ዳግመኛ ፈተሹ፤ ሰኞም ፈተሹ። ሰማይ ጠቀስ ፉጨት ጀመረ። ለፀጉር አስተካካዩ «አሁን ፋብሪካው ሠራተኛ ጨምሯል አሉ፣ በእኔ ምክንያት» እስከማለት ደረሰ። ቤት ውስጥ ባለቤቱ ብቻ ናት ያፋጠጠችው።

«ብርድ ልብሴ የት ገባ?»

«ለታማሚ ነው ያዋስኩት።»

«ማን ታመመ?»

«አንድ የሥራ ባልደረባ።»

«ምስኪን። እንግዲያው አስተካክለህ አልብሰው» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት አራሚው ንባባቸውን አቋርጠው ቀና አሉ። አፍንጫቸው ሰፋ፣ ጠበበ።

«ሱፍ ይሸተኛል» አሉ። «የሞቀ ሱፍ።»

«ጫማ ሰፊው ይሆናል፣ ጋሼ።»

«ጫማ ሰፊው ሱፍ አይሰፋም።»

ዱላቸውን አንሥተው ተነሡ። ዱላው ወንበሩን ነካ፣ የጠረጴዛውን እግር ነካ፣ ከዚያ ለስለስ ያለ ነገር ነካና ቆመ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ጣዎሱ ላይ አሳረፉ፤ ወዲያውም አነሡት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ብርድ ልብስ ነው፣ ጋሼ።»

«በረደው?»

ሰማይ ጠቀስ አጠገባቸው ተንበረከከ።

«እንዳይሰሙት ብዬ ነው» አለ።

አራሚው ዱላቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ ወለሉ ላይ፣ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጡ። «እኔማ ካንተ በፊት ነው የሰማሁት። ሁለት ሳምንት ቀድሜ። አንተ አዲሱን እጠብቃለሁ እያልክ በየመንገዱ ስትምል ማሳፈር ከበደኝ። ደግሞም የራሴ ነገር ነበረ።»

«ምን ነገር?»

«እርሳስ አለህ? ጫፉን ቅረጸው።»

ሰማይ ጠቀስ እርሳስ ሰጣቸው። ሽማግሌው የቀኝ እጃቸውን ዘርግተው በተቀረጸው ጫፍ አመልካች ጣታቸውን ወጉ። ደግመው ወጉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወጉት ጥቁር ነጥብ ቆዳው ላይ ቀረ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«ስኳር ነው አለኝ ሐኪሙ። መጀመሪያ ይህች ሞተች። መካከለኛዋን ተጠቀምኩ፤ እሷም ተከተለቻት። የመጨረሻዎቹን ፊደላት የጨረስኩት በግራ ቀለበት ጣቴ ነው፤ አሁን እሷም ጭጋግ ውስጥ ገብታለች። አንድ ገጽ ከጠዋት እስከ ምሳ የሚፈጅብኝ ለምን መሰለህ?» እርሳሱን መለሱለት። «ይህ ዕቃ ሆዱ ውስጥ ያለውን ይዞ ከሄደ ደግሜ የማርምበት ጣት የለኝም። አንተ አዲሱን ጠብቅ፣ ወንድሜ። ዕድሜ ይስጥህ። እኔን ግን እጄ አይጠብቀኝም።»

ሰማይ ጠቀስ ብርድ ልብሱን ገፈፈው። ትኩስ አየር ፊቱን መታው፤ ከሥሩም ያ የታፈነው ድምፅ ሁሉ ባንዴ ወጣ። አሁን ቂጭ ቂጭ አይደለም፤ በቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ በረዶ ነው። ይህን እኔ አላጋነንኩትም።

ስልኩን አንሥቶ ቴክኒሻኑ ጋ ደወለ። ቴክኒሻኑ ድምፁን በስልክ ሰማ።

«አሁኑኑ አጥፋው» አለ። «ዲስኩን አውጥቼ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እሰካዋለሁ። ሌላ አለህ?»

«አዲሱ እየመጣ ነው።»

«ወንድም፣ እንዲህ የጋለ ዲስክ ሲበርድ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ዛሬ ነው የምልህ። ሱቅ ላይ ያለውን ግዛ።»

ማጥፊያውን ተጫነ። የሳጥኑ ድምፅ እያነሰ፣ እያነሰ፣ እንደሚርቅ ሰው ሄደና ጠፋ።

ሻጩ ሲያየው ፊቱ በራ። «እግርህ ይባረክ። አሁን ነው የደወሉልኝ። አዲሱ ሐሙስ ይገባል። ይሄው፣ አንደኛ ነህ» ብሎ ደብተሩን ገለጠ።

ሐሙስ። ሁለት ቀን። ሰማይ ጠቀስ ቆሞ ቀረ። ሁለት ወር የጠበቀ ሰው ሁለት ቀን ያቅተዋል? ዕቃው እንደሆነ ጠፍቷል፤ የጠፋ ነገር ምን ይሆናል? ሐሙስ ካርቶኑን ተሸክሞ በፀጉር ቤቱ ደጃፍ እያለፈ ታየው፤ መቀሱ አየር ላይ ሲቆም፣ የተላጨውም ያልተላጨውም ሲወጣ። ምኞት እንዲህ ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ እንኳ መስታወት ያሳይሃል። ከዚያ እርሳሱ ትዝ አለው። ያ ጥቁር ነጥብ፣ ያ ያልተንቀሳቀሰ ፊት። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ «ሐሙስ ይገባል» ሲባል ሰምቶ ነበር፤ በሁለቱም ሐሙስ ሞዴሉ አልመጣም።

«ይህን ስጠኝ» አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው እያመለከተ።

«ይህን? አንተ? ሁለት ቀን እኮ ነው የቀረው። ምን ነካህ?»

«ፈርቼ ነው» አለ ሰማይ ጠቀስ።

ሻጩ ቀጣዩን ጠበቀ፤ አገር የሚያንቀጠቅጥ ፍርሃት፣ አንበሳ የሚያሸሽ ፍርሃት የሚል ነገር። አልመጣም። ሰውዬው ምንም ሳይደርብባት የተናገራት የመጀመሪያዋ ቃል ያቺ ነበረች።

በፀጉር ቤቱ ደጃፍ ሲያልፍ ፀጉር አስተካካዩ ካርቶኑን አየ። «መጣ?»

«አልመጣም። አሮጌው ነው» ብሎ አለፈ። ፀጉር አስተካካዩ የሚስቅበት ነገር አጥቶ መቀሱን ያዘ።

ቴክኒሻኑ ዲስኩን እንደ እንቁላል በሁለት መዳፉ ይዞ ከአዲሱ ሳጥን ጋር አገናኘው። ዲስኩ ተንገራገጨ፤ ቆመ፤ ከዚያ መዞር ጀመረ። ፋይሎቹ በፊደል ተራ ናቸው። አራሚው ጆሯቸውን ወደ ዲስኩ አዘንብለው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰማይ ጠቀስ የተሻገረውን ፊደል ሁሉ ስሙን እየጠራ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው በየፊደሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱ ፊደል ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሌላው ግማሽ ሰዓት። አንዱ ላይ ደርቆ ሲቆም በክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ አልነበረም። ከዚያ መገልበጡ ቀጠለ።

ሦስት ፊደል ሲቀር አራሚው ቀና አሉ። «በቃ» አሉ።

«ምን በቃ?» አለ ቴክኒሻኑ። «ገና…» ሲል ዲስኩ ብረት በብረት እንደሚፋቅ ጮኸና ቆመ። ነቅሎ ሰካው፤ ጠብቆ ሰካው፤ ገልብጦ ሰካው። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው እስክትሻገር ሞከረ። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠረገ። «የዳነው ድኗል። የቀረው ሄዷል» አለ።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት። ሰማይ ጠቀስ ወረቀቱ ትዝ አለው፤ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ሮጠ።

ጫማ ሰፊው ገጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በካራ የእግር ቅርጽ እያወጣ ነበር።

«ቁም» አለ ሰማይ ጠቀስ። «ስንት ቆረጥክ?»

«ቁጥር አርባ ሁለት፣ አንድ ጥንድ። ምነው፣ ሠላሳ ስምንት ነበር እንዴ የምትፈልገው?»

ሁለት ገጽ ብቻ። ክምሩን ታቅፎ፣ ሁለቱን የእግር ቅርጾች ከነቁርጥራጫቸው ከላይ አድርጎ ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እንግዲህ አንብበውና ተይበው» አሉ አራሚው።

ሰማይ ጠቀስ ነጥቦቹን ተመለከተ። በየመንገዱ ብሬልን ዓይኑን ጨፍኖ፣ በክርኑ ጭምር እንደሚያነብ ተናግሯል። «አላነብም፣ ጋሼ» አለ። «አንዲት ነጥብ አላነብም። ሁልጊዜ ኮምፒውተሩ ነው የሚለውጠው።»

«በሩን ዝጋው» አሉ ሽማግሌው። «መጋረጃውንም። ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም።»

ዘጋው። አራሚው የመጀመሪያውን ገጽ በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ፊታቸው አስጠጉ፤ ታችኛ ከንፈራቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ጎተቱት። ቆሙ። ደግመው ጎተቱት። ከዚያ ገጹን ዝቅ አድርገው የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩ፤ ፍቺውንም አስከተሉ። ሰማይ ጠቀስ ተየበ። የእግር ቅርጽ የሆኑት ገጾች ላይ ሲደርሱ ቁርጥራጮቹን እየገጣጠመ ያዘላቸው።

ሐሙስ ቀን ፀጉር አስተካካዩ በሩን አንኳክቶ «ሰማይ ጠቀስ፣ መጣ እኮ፤ ሻጩ ይጠራሃል» ብሎ ጮኸ። ሰማይ ጠቀስ መተየቡን አላቆመም። አራሚው ከንፈራቸው ወረቀት ላይ ነበር፤ ገና አንዱን ፊደል እንኳ አልጨረሱም፤ ከንፈራቸውም መቁሰል ጀምሯል። ሰማይ ጠቀስ እያንዳንዱ ገጽ ባለቀ ቁጥር ፍላሹን ይሰካል፣ ይገለብጣል፣ ይነቅላል፣ ደረት ኪሱ ያስገባል፤ ኪሱንም በእጁ ይዳብሳል።

አንድ ጊዜ ሽማግሌው ገጹን ዝቅ አድርገው ጆሯቸውን ወደ ጠረጴዛው አዘነበሉ።

«በርቷል?»

«በርቷል፣ ጋሼ።»

«አይሰማኝም።»

እሱም አዳመጠ። አዲሱ ሳጥን አያጉረመርምም፤ ጉሮሮውን አይጠርግም፤ ቂጭ አይልም። የሚዞር ነገር የለውም ብሎ ነበር ቴክኒሻኑ፤ የሚዞር ከሌለ የሚጮህ የለም። ያኛው ቢያንስ ሲያቃስት ይሰማ ነበር። ይህኛው ቢታመም በምን ያውቁታል? ሰማይ ጠቀስ መዳፉን ሳጥኑ ላይ አሳረፈ፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ምንም አይናገርም። ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ፣ አሁን የገለበጠውን ገጽ ደግሞ ገለበጠው።

«አሁንስ?» አሉ አራሚው።

«በርቷል» አለ። «ዝም ብሏል።»